ጠመንጃው አልጎርስ ሲል፣ ቦልቱ አልከፈት ሲል

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄ ባለፈው እሁድ ከሰአት እዚህ ዴንቨር ለተሰበሰብነው የአደን ጓደኞች ያወራሁት ነው፣ ስራ ይዟቸው ያልመጡ ልጆች ጻፍልን ስላሉኝ የተናገርኩትን እንዳለ ለማስቀመጥ ሞክሬያለሁ። እዛ በእጄ እያሳየሁ ያለፍኩትን ቦታ ግን እዚህ በቃል ማብራራት ነበረብኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ብሏል።

ኦክቶበር እየመጣ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ የኤልክ፣ የትልቁ አጋዘን፣ የራይፍል ሲዝን ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ነው የሚከፈተው፣ እና በየአመቱ የማየው ነገር አለ፣ ሰዉ መሳሪያውን ኦገስት ሴፕቴምበር ላይ ይገዛል፣ ስኮፑን፣ ማነጣጠሪያ መነጽሩን፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያስራል፣ አንድ ቅዳሜ ሬንጅ፣ መተኮሻ ሜዳ፣ ሄዶ ሀያ ጥይት ይተኩሳል፣ ከዛ በቃ ተራራ ነው። በዛች አንድ ቅዳሜ ጠመንጃው አንድ ሁለቴ ነክሶበት፣ ማለትም ጥይቱ ሳይገባ መንገድ ላይ ተይዞበት፣ ከሆነ ወይ ቦልቱ፣ ያ በእጅ እየተሳበ ጥይት የሚያስገባውና የሚዘጋው ብረት፣ ከብዶት ከሆነ "አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሰራበት ይላላል" ይላል። እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለዚች "ይላላል" ስለምትባለው ነገር ነው። አንዳንዱ እውነት ነው፣ ይላላል። አንዳንዱ ግን በጭራሽ አይላላም፣ አይናችሁ ፊት ያለ አደጋ ነው፣ እና ሁለቱን መለየት የሚቻል ነገር ሆኖ ሳለ ሰው ሳይለያቸው ተራራ ሲወጣ ሳይ በጣም ነው የሚጨንቀኝ።

ስለራሴ ትንሽ ልበል፣ ጠመንጃ ሰሪ አይደለሁም፣ የማሽን ሾፕ ሰራተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ብረት ስቆርጥና ስለካ ነው የምውለው። ልጅ ሆኜ ጎጃም አባቴ ምንሽር ነበረው፣ ብዙዎቻችሁም ቤት ወይ ምንሽር ወይ ቤልጅግ ነበር መቼስ። ያ ቤልጅግ የምንለው ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅየም የመጣው ማውዘር ነው፣ የተሰራው በ1898ቱ የጀርመን ማውዘር ዲዛይን ነው፣ ዛሬ ሱቅ ሄዳችሁ የምትገዙት አብዛኛው ቦልት አክሽን የዛ የልጅ ልጅ ነው። አባቴ ቃል አይወድም ነበር ግን አንድ ነገር ሁሌ ይላል፣ "ጠመንጃ ሲጎርስ አታስገድደው"። ቋንቋችን እኮ እዚህ ጋ ልክ ነው፣ ጥይት ይጎርሳል ነው የምንለው፣ እንደ ሰው። ራምፑ፣ ጥይቱ ተንሸራቶ የሚገባበት መወጣጫ፣ ምላስ ነው፣ ቻምበሩ፣ ጥይቱ ሲተኮስ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ኋላ፣ ጉሮሮ ነው፣ እና እንግዲህ ያላመጡት ነገር ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ማንም ሰው ስልክ ደውሎ "ቦልቱ ከበደኝ" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ ሲዘጋ ነው የከበደህ ወይስ ተኩሰህ ስትከፍት? በቃ ከዚህ ነው ሁሉም የሚጀምረው። ሲዘጋ የከበደ ከሆነ ነገሩ የልክ ጉዳይ ነው፣ የሆነ ነገር ረዝሟል ወይ ወፍሯል ወይ መንገድ ላይ የቆመ ነገር አለ። ከተኮስክ በኋላ ሲከፈት የከበደ ከሆነ ደግሞ ወይ ግፊቱ በዝቷል ወይ ቻምበሩ ቆሽሿል ወይ ሻካራ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ጥይት ሳይኖርበት ባዶውንም ይከብዳል ወይ? ባዶውን ከከበደ ጥይቱን እርሱት፣ ጥፋቱ መሳሪያው ላይ ነው። በእነዚህ ሁለት ጥያቄ ብቻ ግማሹን ነገር ታጠራላችሁ።

ይሄን ሙከራ ቤት ውስጥ ስታደርጉ እውነተኛ ጥይት ከክፍሉ ይውጣ። ኪሳችሁ ውስጥ ሳይሆን፣ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን፣ ከክፍሉ። ለሙከራ ስናፕ ካፕ የሚባል ከፕላስቲክ ወይ ከአሉሚኒየም የተሰራ የውሸት ጥይት አለ፣ ከዛ የሚሻለው ደግሞ ባሩድም ፕራይመርም፣ ግርጌው ላይ መርፌው ሲመታው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክብ ነገር፣ የሌለው ግን እውነተኛ ቀለህ፣ የናሱ ቀፎ፣ እና እውነተኛ አረር፣ በርሮ የሚሄደው ጫፉ፣ ያለው ደሚ ነው፣ ርዝመቱና ቅርጹ ትክክለኛውን ስለሚመስል። የሚያውቅ ሰው ካላችሁ አምስት አሰሩ፣ ፕራይመሩ ያለበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ እንዲታይ አድርጉት፣ ከእውነተኛው ጋር እንዳይቀላቀል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ባለፈው አመት አንድ ልጅ አዲስ 308፣ በሚተኩሰው ጥይት አይነት የሚጠራ ጠመንጃ፣ ይዞ መጣ፣ ቦልቱ ሲዘጋ መጨረሻ ላይ፣ እጄታው ወደታች ሲወርድ፣ ይከብደዋል። ጥይቱን ቀያይሯል፣ ሶስት አይነት ጥይት ገዝቷል፣ አንድ መቶ ብር ምናምን አውጥቷል፣ ማለቴ ዶላር። ባዶውን ሞክረህ ታውቃለህ አልኩት፣ አልሞከረም። ባዶውን ዘጋነው፣ ያው ነው፣ ይከብዳል። ቦልቱን አውጥተን ላምባዲና ይዘን አየነው፣ ከፊት ያሉት ሁለቱ ጆሮዎች፣ ላግ የሚባሉት፣ ቦልቱን ቆልፈው የሚይዙት ማለት ነው፣ የአንደኛው ጫፍ ላይ እንደ ምላጭ ጭረት የቀጠነች የምታብረቀርቅ መስመር አለች። ስኮፑን ማን አሰረልህ ስለው ራሴ አለኝ። የስኮፑ መቀመጫ አራት ብሎን አለው፣ አራቱ ግን እኩል አይደሉም፣ ብዙ ጠመንጃ ላይ የፊተኞቹ ያጥራሉ፣ ምክንያቱም ከስር ላጉ የሚዞርበት ቦታ ስለሆነ። ልጁ የኋላውን ለፊት አድርጎታል። ካቻቪቴ አመጣሁ፣ ያቺን አንዷን ብሎን አወጣናት፣ ቦልቱ በሁለት ጣት ተዘጋ። የረዘመችው ምናልባት አንድ ጥርስ ብትሆን ነው። በዛች ምክንያት ላጉ ብረት እየፋቀ ሀያ ጥይት ተኩሷል። የሱ ጥፋት ነው ብዬ አላስብም፣ ብሎኖቹ አንድ ላስቲክ ውስጥ ተቀላቅለው ነው የሚመጡት፣ ወረቀቱን ደግሞ ማን ያነባል። እናንተ ግን አንብቡት፣ እና ስኮፕ ከመታሰሩ በፊት ቦልቱ እንዴት እንደሚዘጋ በእጃችሁ ያዙት፣ ከታሰረ በኋላ ደግሞ ያንኑ ሞክሩ፣ ከተለወጠ ብሎኑ ነው።

ሰደፉን ከብረቱ ጋር የሚያይዙት ከታች ያሉት ሁለት ብሎኖችም እንደዛው ናቸው። ካዝናው፣ ጥይቱ የሚደረደርበት፣ ከውስጥ የተቀበረ ጠመንጃ ከሆነ ያቺ የቆርቆሮ ሳጥን ትንሽ መላወስ አለባት፣ ብሎኑን ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ሳጥኗ ትጨመቃለች፣ ጥይቱም ሲወጣ ይጣመማል። በግምት አታጥብቁ፣ ማኑዋሉ ላይ በኢንች ፓውንድ ስንት እንደሆነ ይጽፋል፣ ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ ካለው ሰው ተዋሱ።

የጎራረሱን ችግር ለማየት እኔ የማደርገው ደሚውን ጥቁር ማርከር ሙሉ በሙሉ መቀባት ነው፣ ከአረሩ ጫፍ እስከ ግርጌው። ከዛ ካዝና ውስጥ አድርጌ ቀስ ብዬ እገፋዋለሁ፣ ነክሶ የቆመበት ቦታ ላይ አቆማለሁ፣ አውጥቼ አየዋለሁ። ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ ይናገራል። የአረሩ አፍንጫ ላይ ታች በኩል ብቻ ከተፋቀ ጥይቱ አፍንጫውን ደፍቶ ነው የሚወጣው፣ ይሄ ብዙ ጊዜ የካዝናው ሞላ ደክሟል ወይ ፎሎወሯ፣ ያቺ ጥይቱ የሚቀመጥባት ሳህን፣ ወደፊት ዘንብላለች ማለት ነው። ካዝናውን ለማጽዳት ፈታችሁት ከሆነ ሞላውን አዙራችሁ ገጥማችሁት ሊሆን ይችላል፣ ይሄን በአይኔ ሁለቴ አይቻለሁ። የአረሩ ጫፍ ፊቷ ከተጨፈለቀ የካዝናው የፊት ግድግዳ እየመታው ነው፣ ጥይቱ ረዝሟል ወይ በምላሽ ምቱ ጊዜ ወደፊት እየተወረወረ ነው፣ ጫፉ እርሳስ የሆነ ጥይት ላይ ይሄ በጣም ይታያል፣ የመጀመሪያው ደህና ገብቶ ሶስተኛውና አራተኛው ይነክሳል። ትከሻው ላይ ጎን ለጎን ከተፋቀ የካዝናው ከንፈር አንዱ ጎን ጠቧል። ግርጌው ጠርዝ ላይ ከተፋቀ ደግሞ ቦልቱ በደንብ እየያዘው አይደለም፣ ካዝናው ዝቅ ብሏል፣ ወይ ቀጭ ብሎ አልገባም። ተነቃይ ካዝና ያላቸው ጠመንጃዎች ላይ ቦልቱ ተዘግቶ ሙሉ ካዝና ስትገፉት ሞላው ስለሚጨመቅ የገባ ይመስላል ግን አልያዘም። አንድ ጥይት ቀንሳችሁ ሞክሩ፣ ከገባ እሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አዲስ ጠመንጃ ላይ የማየው የሰው እጅ ነው። አዲስ ስለሆነ ሰዉ ይሳሳለታል፣ ቦልቱን ቀስ አድርጎ ይስባል፣ መጨረሻ ሳይደርስ ይመልሰዋል። ቀለሁ አይወጣም፣ ወይ ደግሞ አዲሱ ጥይት አይነሳም። ቦልቱን እስከመጨረሻው፣ ቆርጣችሁ፣ ሳትጠራጠሩ ነው መሳብ ያለባችሁ። ይሄ ለጎራረስ ብቻ አይደለም፣ አደጋም አለበት። ሁለት አይነት ጠመንጃ አለ፣ የድሮው ማውዘር አይነቱ ጥይቱ ከካዝናው እንደወጣ ጥፍሯ፣ ኤክስትራክተሯ፣ ትይዘዋለች፣ አትለቀውም። ሬሚንግተን 700፣ በ1962 የወጣው፣ እና ዛሬ ርካሽ የሚባሉት አብዛኞቹ ግን ጥይቱን ዝም ብለው ከኋላ ይገፉታል፣ ጥፍሯ የምትይዘው ቦልቱ ሊዘጋ ሲል ነው። ዊንቸስተር 70ን የሚያውቅ ካለ፣ በ1936 ሲወጣ እንደ ማውዘሩ ነበር፣ በ1964 ወደ መግፋቱ ቀየሩት፣ እና ሰዉ እስከዛሬ ከ64 በፊት ያለውን እየፈለገ በውድ ይገዛል። የሚገፋው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ብዙ ኤልክ ወድቆበታል። ግን ግማሽ መንገድ ገፍታችሁ ሀሳባችሁን ቀይራችሁ ወደኋላ ከሳባችሁት ጥይቱ ቻምበር ውስጥ ይቀራል፣ ጥፍሯ አልያዘችውማ። ከዛ ድጋሚ ስትገፉ ሁለተኛ ጥይት ይነሳና የሱ ሹል አፍንጫ የመጀመሪያው ፕራይመር ላይ ይሄዳል። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት የለብኝም። ጠመንጃው ውስጥ ሁለት ጥይት መኖሩን ከጠረጠራችሁ አትግፉ፣ ካዝናውን አውጡ፣ አፈሙዙን ወደ አፈር መደብ አድርጋችሁ በእርጋታ አጽዱት።

ራምፑን፣ መወጣጫውን፣ በሞረድ ወይ በድሬሜል የነካ ሰው እባካችሁ ከእናንተ መሀል እንዳይኖር። ሻካራ ከሆነ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል፣ ቅርጹን መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከነኩት በኋላ ፋብሪካውም አይቀበላችሁም። ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

አሁን ወደ ግፊቱ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ስልካችሁን አስቀምጡልኝ ብያቸው ነበር።

የመኪናችሁ ጎማ 35 ፒኤስአይ፣ በአንድ ካሬ ኢንች 35 ፓውንድ ግፊት፣ ገደማ ነው። አንድ 308 ሲተኮስ ቀለሁ ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 62,000 ነው። 30-06 ደግሞ 60,000፣ 270 ዊንቸስተር 65,000። ይሄን ቁጥር የሚያወጣው ሳሚ የሚባለው የአሜሪካ የመሳሪያና የጥይት አምራቾች ተቋም ነው፣ ከ1926 ጀምሮ ያለ። እንግዲህ ከጎማችሁ ከ1,700 ጊዜ በላይ የሆነ ነገር ጉንጫችሁ አጠገብ ነው የሚፈነዳው፣ እና የሚያግደው ሁለቱ ላጎችና ስስ የናስ ቀለህ ናቸው። ናሱ የሚሰራው ስራ ይገርማል፣ ሲፈነዳ ይነፋል፣ የቻምበሩን ግድግዳ ጥብቅ አድርጎ ይይዝና ጋዙ ወደ ፊታችሁ እንዳይመጣ ይደፍናል፣ ከዛ ወዲያው ትንሽ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ለዛ ነው ቦልቱ በቀላሉ የሚከፈተው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ናሱ አይሰበሰብም። ተጣብቆ ይቀራል። የከበደው ቦልት እሱ ነው።

እኔ ላይ የደረሰውን ልናገር፣ ብዙ አመቱ ነው፣ ግን እስካሁን ሳስበው ሆዴን ያመኛል። አንድ አብሮኝ የሚሰራ ሰው ጥይት ቤቱ ይሞላል፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ሀያ ሰጠኝ፣ "የኔ ጠመንጃ ላይ እንደ መርፌ ነው" አለኝ። ጁላይ ነበር። ሳጥኑን የመኪናው መስታወት ስር አስቀምጬ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰአት ጸሀይ ላይ ዋለ። የመጀመሪያው ሲጎርስ ትንሽ ከበድ አለኝ፣ ገፋሁት፣ ተኮስኩ፣ ቦልቱ ሲነሳ እንደማጣበቅ አለ። ሁለተኛውም እንደዛው። ሶስተኛው አልነሳ አለ። በመዳፌ ታች በኩል መታሁት፣ እንቢ አለ። እንጨት ፈልጌ እጄታውን ከስር መታሁት። ተከፈተ። ቀለሁ ሲወጣ ፕራይመሩ ከቦታው ወድቆ ጫማዬ ላይ አረፈ። ያቺን ትንሽ ክብ ነገር ጫማዬ ላይ እያየሁ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? አዲስ ነው፣ ይላላል አልኩ። አራተኛውን ተኮስኩ። እግዚአብሔር ነው ያተረፈኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ማታ ቀለሆቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ በማጉያ አየኋቸው። ግርጌያቸው ላይ ጽሁፉ ካለበት ጎን ኢጀክተሩ፣ ቀለሁን ገፍቶ የሚያስወጣው፣ የሚቀመጥበት ልክ የምታብረቀርቅ ክብ አለች፣ ናሱ እንደ ሊጥ ወደ ቀዳዳዋ ገብቶ ነው፣ ቦልቱ ሲዞር ደግሞ ተፋቆ ጅራት አውጥቷል። ፕራይመሮቹ ጠርዛቸው ጠፍቶ ግርጌውን ሞልተው እንደ ሳንቲም ጠፍጥፈዋል። ያልተተኮሰውን አንዱን ወስጄ በማርከር ቀባሁትና ሳልተኩስ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሬንጅ ሄጄ አፈሙዙ ወደ መደቡ ሆኖ፣ አጎረስኩትና አወጣሁት። አረሩ ላይ ዙሪያውን እኩል እኩል የተራራቁ አጫጭር ጭረቶች ነበሩ። በርሜሉ ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ መስመሮች ናቸው የቆረጡት፣ ማለትም ጥይቱ ለኔ ጠመንጃ ረዝሟል፣ አረሩ ገና ሳይተኮስ መስመሮቹ ውስጥ ተሰክቷል። የጓደኛዬ ጠመንጃ ላይ ከቻምበሩ እስከ መስመሮቹ ያለው ቦታ ረጅም ነው፣ እዛ ላይ ልክ ነበር። አረሩ መስመሩ ላይ ተሰክቶ ሲጀምር ባሩዱ ቦታ ሳያገኝ ነው ግፊቱ የሚወጣው፣ ላዩ ላይ ደግሞ የጁላይ ሙቀት ባሩዱን የበለጠ ፈጣን አድርጎታል። ሁለቱ ተደመሩ።

እና እዚህ ጋ ነው ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙት፣ ስሙኝ። የመጀመሪያው ጥይት ሲጎርስ ከበደኝ ብያችኋለሁ። ማስጠንቀቂያው እዛ ጋ ነበር፣ ከመተኮሱ በፊት። ሲዘጋ ያስቸገረ ጥይት፣ አረሩ ረዝሞ ይሁን፣ የቀለሁ አንገት ረዝሞ ይሁን፣ ሲተኮስ ግፊቱን የሚያስወጣው ያው ራሱ ነው። የ308 ቀለህ ርዝመት ከ2.015 ኢንች ማለፍ የለበትም፣ ካለፈ አንገቱ ቻምበሩ ጫፍ ላይ ይነከስና አረሩን አልለቅም ይላል። ስለዚህ ሲዘጋ እጃችሁን የታገላችሁ ጥይት አይተኮስም። ይወጣል፣ ለብቻ ይቀመጣል፣ ይለካል። የሰው እጅ የሞላውን ጥይት ደግሞ ወንድማችሁም ይሁን አትተኩሱ፣ እኔ ከዛ ቀን ወዲህ አልተኮስኩም።

ምልክቶቹን ስታነቡ ግን አንድ ምልክት ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ። ጠፍጣፋ ፕራይመር ሁሌ ግፊት አይደለም፣ ቻምበሩ ረዘም ያለ ከሆነም ይጠፈጥፋል። ፕራይመሩ ላይ መርፌው የመታበት ዙሪያ እንደ እሳተ ገሞራ አፍ ከፍ ብሎ ከሆነም የመርፌው ቀዳዳ ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። የኢጀክተሩ የሚያብረቀርቅ ምልክትና የከበደ ቦልት አንድ ላይ ከመጡ ግን ክርክር የለውም፣ አቁሙ። ምልክት የለም ማለት ደግሞ ግፊቱ ልክ ነው ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ ጠመንጃ ምልክት የሚያሳየው ከልኩ ብዙ ካለፈ በኋላ ነው። ክሮኖግራፍ፣ የአረር ፍጥነት መለኪያ፣ ካላችሁ ፍጥነቱን እዩ፣ በርሜላችሁ አጭር ሆኖ ሳለ መጽሀፉ ወይ ሳጥኑ ከሚለው በብዙ የፈጠነ ጥይት ያንን ፍጥነት ያገኘው ከግፊት ነው።

ቦልቱ ሲከፈት ከብዶ ምልክቶቹ ከሌሉስ? ይሄ አዲስ ጠመንጃ ላይ ብዙ አለ። አንድ ጓደኛዬ በፋብሪካ ጥይት ሁሉ ይጣበቅበት ነበር፣ ሁለት አይነት ብራንድ ሞከርን፣ ያው ነው። ፕራይመሩ ጠርዙ ክብ ነው፣ የኢጀክተር ምልክት የለም። ቀለሁን ብርሀን ላይ ስናዞረው ግን ጎኑ ላይ ከላይ እስከታች የተሳቡ ጭረቶች አሉ፣ ሁሉም ቀለህ ላይ አንድ ቦታ። መጀመሪያ ቻምበሩን አጸዳነው፣ ከፋብሪካ ሲመጣ የሚቀባው መከላከያ ቅባት ቻምበር ውስጥ ሊደርቅ ይችላል፣ አዲስ ጠመንጃ ሳይጸዳ አይተኮስም። ትንሽ ተሻለ ግን አልጠፋም። ቻምበሩ ሲቆረጥ ሻካራ ሆኖ ቀርቷል። ቀለሆቹን በላስቲክ አድርጎ፣ የጥይቱን ሳጥን ከነሎት ቁጥሩ ፎቶ አንስቶ ለፋብሪካው ላከ፣ ተቀብለው ቻምበሩን አስተካክለው መለሱለት፣ አሁን እንደ ቅቤ ነው። ቀለሁን ባይዝ ኖሮ ምን ብሎ ያስረዳ ነበር? ስለዚህ ቀለሆቻችሁን አትጣሉ፣ የመጀመሪያውን አርባ ቀለህ በተተኮሰበት ተራ አስቀምጡ።

ሄድስፔስ የሚባለውን ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ አጭር ነው። ጥይቱ ቻምበር ውስጥ ሲቀመጥ በቦልቱና በቻምበሩ ትከሻ መሀል ያለው ልክ ነው። ለ308 ጎ ጌጅ የሚባለው ብረት 1.630 ኢንች ነው፣ ቦልቱ በሱ ላይ መዘጋት አለበት፣ ኖ ጎ የሚባለው 1.634 ነው፣ አዲስ ጠመንጃ በሱ ላይ መዘጋት የለበትም። ልዩነቱ 0.1 ሚሊሜትር ነው፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት፣ ስለዚህ በአይን አይታይም፣ ጠመንጃ ሰሪ ጋ በአስር ደቂቃ ይለካል። ቤት ውስጥ ማየት የምትችሉት የተተኮሰውን ቀለህ ነው፣ ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ደማቅ ቀለበት ከታየ ቀጭን ሽቦ ጫፏን አጥፋችሁ ከውስጥ በኩል ግድግዳውን ጎትቷት፣ ጉድጓድ ላይ ከተያዘች ናሱ ሊቆረጥ ነው፣ መሳሪያው ይታይ።

ጥይትና በርሜል አለመመሳሰሉን ላነሳ አልፈለግኩም ነበር ግን ልበለው፣ በርሜሉ ላይ የተጻፈውና ቀለሁ ግርጌ ላይ የተጻፈው አንድ መሆን አለበት፣ በቃ። 300 ብላክአውት የሚባለው ጥይት 223 ለሚባለው ጥይት በተሰራ ቻምበር ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ አረሩ ግን ከበርሜሉ ይበልጣል፣ ጠመንጃ ያፈነዳል። ሁለቱም ያላችሁ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ላይ አታውጧቸው።

ከዛ ጥያቄ ነበር። አንድ ጋሼ፣ ከሁላችንም በእድሜ የሚበልጡ፣ "ጥይቱን ትንሽ ዘይት ብቀባው በቀላሉ አይጎርስም ወይ? እኛ ሀገር ያደርጉ ነበር" አሉኝ። ጋሼ፣ አይደረግም አልኳቸው። ናሱ የቻምበሩን ግድግዳ ሲይዝ ነው ቦልቱ ላይ የሚመጣውን ምት የሚቀንሰው፣ ዘይት ካለ ይንሸራተትና ሙሉ ምቱ ላጎቹ ላይ ያርፋል። ቻምበር ከመተኮሱ በፊት ደረቅ ነው መሆን ያለበት፣ ዘይት የሚነካው የላጎቹ ጀርባ ብቻ ነው፣ እሱም የግሪስ ጠብታ። በርሜሉ ውስጥ ያለውን ዘይትም በደረቅ ጨርቅ አውጡት።

አንዲት እህታችን ደግሞ አምና በረዶ ውስጥ ወድቃ አፈሙዙ በረዶ ሞልቶባት እንደነበር ነገረችን። አልተኮስሽም አይደል ስላት አልተኮስኩም አለች፣ ደስ አለኝ። በረዶም ጭቃም በርሜል ውስጥ ካለ አረሩ ሲደርስ መውጫ ያጣል። መጀመሪያ ጥይቱን ማውጣት፣ ቦልቱን ማውጣት፣ ከኋላ በኩል ብርሀን ማየት፣ ካልታየ በዘንግ ማጽዳት። አፈሙዙ ላይ የኤሌክትሪክ ቴፕ አንድ ዙር መለጠፍ ይቻላል፣ አረሩ ከመድረሱ በፊት ከፊቱ የሚገፋው አየር ይቀደዋል፣ እኔ በየአመቱ አደርገዋለሁ። ሌላው ብርድ ላይ ቦልቱ ውስጥ ወፍራም ዘይት ካለ መርፌው ይዘገያል፣ ጥይቱ ይከሽፋል። ምላጩን ስባችሁ ቀጭ ብሎ ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳለ ሰላሳ ሰከንድ ቆዩ፣ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ተኩሳችሁ ድምጹ ፍስስ ብሎ ደካማ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ አትተኩሱ፣ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ወሬው ሲያልቅ ያመጣችኋቸውን ሰባት ጠመንጃ አንድ በአንድ ባዶ መሆናቸውን ሁለት ሁለት ሰው አይቷቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን፣ ስናፕ ካፖቹን በማርከር ቀባን፣ እየተፈራረቅን አጎረስናቸው። አንዱ ካዝናው ሞላው ተገልብጦ ነበር፣ አዞርነው፣ ሰራ። ሌላኛው፣ በዛው ሳምንት ነው የተገዛው፣ ባዶውን ሲዘጋ መጨረሻ ላይ ትንሽ ይዞ ይለቃል። ቦልቱን አውጥቼ ላምባዲናውን ሳበራ ላጉ ጫፍ ላይ ያቺ ቀጭን የምታብረቀርቅ ጭረት አለች። የፊቱን የስኮፕ ብሎን አወጣን፣ ቦልቱ በሁለት ጣት ተዘጋ፣ ብሎኗን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ለባለቤቱ ሰጠሁት፣ ሰኞ ትክክለኛዋን አዝዟል።